ቁጥር ሁለት ካንዴላ

ያቺን 40 ሰከንድ የማትሞላ ቪዲዮ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ቮልሷ እንዴት ተነሳች?» ለእያንዳንዳችሁ መመለስ አልቻልኩም። «ፈታናት፣ ጠገንናት፣ ተነሳች» ብዬ ብገላገል ውሸት አይሆንም፤ ግን እውነቱም አይሆንም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብያለሁ። ረዘም ይላል፤ ዳታ የሚቆጥብ ሰው ኋላ ያንብበው።

አሊዩ አምባ ያደጋችሁ ታውቋታላችሁ። እኛ ግቢ፣ ማንጎው ሥር፣ ጎማዋ ተንፍሶ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ዶሮ የሚያድርባት፣ ድብብቆሽ ስትጫወቱ የምትደበቁባት አሮጌ ቮልስ። ቀለሟ ሰማያዊ ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን አባቴን ካልጠየቁ በቀር የማይታወቅ ሆነ። በፈረንጆቹ 1964 የተሠራች ባለ 1200 ሲሲ ናት። ጉልበቷ 34 ፈረስ ነው፤ ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ ሞተርሳይክል ሞልቷል። ሞተሯ ያለው ኋላ ነው። ራዲያተር የላትም፣ ውሃ አትጠጣም፣ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ደግሞ አራቱ ሲሊንደሮቿ እንደ ብዙው መኪና በአንድ ትልቅ ብረት ውስጥ የተፈለፈሉ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ተነቅሎ የሚወጣ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

አባቴ ድሬሰር ነበር። የእኛ አገር ሰው ድሬሰርን «ዶክተር» ነው የሚለው፤ ጡረታ ከወጣ ስንት ዓመቱ፣ ዛሬም ገበያ ሲወጣ «ዶክተር፣ እንደምን አደሩ» ይባላል። አንድም ቀን አርሟቸው አያውቅም። ቮልሷን ሁለተኛ እጅ የገዛት በ1971 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ሲሠራ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዘዋቸው የሄዱት በቮልስዋገን ስለነበር፣ ጓደኞቹ «ንጉሥ የወረደባትን መኪና ገዛህ» እያሉ ይቀልዱበት እንደነበር ይነግረናል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው እስካሁን የሚያወራው፤ ያን ጊዜ የለመደው ይመስለኛል።

ወደ አሊዩ አምባ ሲዛወር ቮልሷም አብራው ወረደች። ወረደች ስል ወረደች ነው፤ ከአንኮበር ወደ እኛ የሚመጣ ነገር ሁሉ ይወርዳል። መውጣቱ ነው ጣጣው። ታሪክ የተማራችሁ እንደምታውቁት አሊዩ አምባ በሸዋ ነገሥታት ዘመን የሲራራ ነጋዴ ገበያ ነበረች። ከሐረርና ከታጁራ በኩል የሚመጣው ሸቀጥ በግመል እስከ ግርጌው ይደርስና፣ ከዚያ በላይ ያለውን ዳገት በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ነበር ወደ አንኮበር የሚወጣው። አባቴ ግመል እምቢ ያለውን መንገድ በ34 ፈረስ ይወጣው ነበር። በአንደኛ ማርሽ፣ መሐል ላይ ቆም ብሎ አየር እያስወሰዳት፣ አንዳንዴም ተሳፋሪው ወርዶ እየገፋ። ምጥ የጠናባት፣ እባብ የነደፈው፣ ከዛፍ የወደቀ ሰው ሲመጣ፣ ከእሱ አቅም በላይ ከሆነ ያው ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ነው። ለቤንዚን የሚከፍል ይከፍላል፤ ያጣ ደግሞ ለበዓል ዶሮ ያመጣል። ልጅ ሆኜ ዶሮ ቤታችን የሚራባ ሳይሆን በቮልስ የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር።

የመጨረሻው ጉዞ በ1989 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው። ሌሊት ነው፤ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ የሆነ ሴት አመጡለት። አባቴ ያን ሌሊት ዳገቱ ላይ አላረፈም። አንዴም ቆም ሳይል ወጣ። ሴትዮዋም ደረሰች፣ ልጁም ተወለደ። ቮልሷም በራሷ ሞተር ተመልሳ ወረደች፤ ፍሪሲዮኗ ግን ተበልቶ አልቆ ነበር፤ ማርሽ ገብቶ ቤንዚን ሲረገጥ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ አትሄድም። አባቴ ማንጎው ሥር አቆማት። «ገንዘብ ሲገኝ ፍሪሲዮን ገዝተን እንቀይርላታለን» አለ። የድሬሰር ደሞዝ ነውና ገንዘቡ ቶሎ አልተገኘም።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ።

በ1992 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የገበያ ቀን ነው። አንድ ሰው ከሱቅ ፊት ሞተርሳይክሉን አቁሞ ይነታረካል፤ ካንዴላው ተቃጥሎበታል፣ ትርፍ አልያዘም። እኔ ደግሞ ካንዴላ የት እንዳለ አውቃለሁ። አባቴ ሲፈታ ስንቴ ፋኖስ ይዤለታለሁ። ሮጬ ቤት ሄድኩ። የቮልሷ የኋላ ክዳን ድሮም በደንብ አይገጥምም፣ ቁልፏም ኮፋኖው ውስጥ ናት። ከኋላ ቆማችሁ ስታዩ በቀኝ በኩል ለእጅ የቀረበችው ካንዴላ የሁለተኛው ሲሊንደር ናት። ፈታኋት። ሦስት ብር ሸጥኳት። ለማታስታውሱ፣ ያኔ ቪዲዮ ቤት መግቢያ 50 ሳንቲም ነበር።

ቀዳዳውን ክፍት ብተወው እንደሚታወቅብኝ ገብቶኛል። አረቄ ጠርሙስ በምን እንደሚደፈን አይታችኋል አይደል? የበቆሎ ቆረቆንዳ ቆርጬ ወተፍኩበት፤ የካንዴላዋን ሽቦ ቆብ መልሼ ከላይ አስቀመጥኩበት። ለሚያይ ሰው ምንም የጎደለ ነገር የለም። ጎበዝ ነበርኩ እኮ። ዝናብ በዚያ ባልገጠመ ክዳን እንደሚገባ፣ ቆረቆንዳ ደግሞ ውሃ መጦ እንደሚይዝ ግን በ12 ዓመት አይታሰብም።

በ1994 ዓ.ም. አባቴ ፍሪሲዮኑን ገዛ። አዲስ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ። ከደብረ ብርሃን አንድ መካኒክ ከነባትሪው ይዞ መጣ። መካኒኩ ሞተሩን ከማውረዱ በፊት ላስነሳው ብሎ ቁልፉን ሲያዞር «ጥክ» ይላል እንጂ አይዞርም። ፑሊው ላይ መፍቻ አስገብቶ ታገለ። ንቅንቅ የለም። «ነክሷል» አለ። አባቴ የዚያን ሌሊቱን ዳገት ነገረው። ሰውዬው ወዲያው ራሱን ነቀነቀ። «ሳያርፉ ወጡ? በቃ ሞቃለች። ሦስተኛው ሲሊንደር ነው የነከሰው፤ ቮልስ የምትሞተው በሱ ነው።» ካንዴላዎቹን እንኳ አልፈታም። እኔ አጠገባቸው የመፍቻ ሣጥኑን ይዤ ቆሜያለሁ። ልቤ ሲመታ ይሰማቸዋል ብዬ ነበር።

አልተናገርኩም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ስለ ቮልሷ በተጠየቀ ቁጥር፣ አባቴ የሚለው አንድ ነገር ነው። «እኔው ነኝ የገደልኳት። ዳገቱ ላይ ማረፍ ነበረብኝ።» ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ሰምቻለሁ። በነዚያ ዓመታት ሰው ሲታመም በቃሬዛ ወጥቶ መንገድ ዳር አይሱዙ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ስንቱ እንደነበር አንዳንድ ሌሊት እቆጥራለሁ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ቁራሌው ግቢያችን ገባና ቮልሷን በኪሎ ልግዛ አለ። አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ስጠው፤ ልጆች እየቆረጣቸው ነው» አለኝ። እኔ አልሸጥም አልኩ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ቅርስ ናት» ብዬ ዘባረቅኩ። የዚህች መኪና ዓይነት በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. እንደወጣች፣ አሁን ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገራችን እንዳይገባ መከልከሉን፣ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ቮልስዋገን መሞላቷን ሁሉ ደረደርኩለት። አባቴ ጨርሶ አዳመጠኝና «እና እሷ ኤሌክትሪክ ናት?» አለኝ።

ክረምት ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል። ደብረ ብርሃን ጋራዥ የሚሠራ የድሮ ተማሪዬ አለ፤ ስሙን እንዳልጠቅስ ለምኖኛል። ከቴክኒክና ሙያ የወጣ ጎበዝ ልጅ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ለዓመታት «ሳብ፣ ጭመቅ፣ አፈንዳ፣ አስወጣ» እያልኩ የአራት ምት ሞተርን በጠመኔ ስስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በእጄ ግን ካንዴላ ከመፍታት በቀር የነካሁት ነገር የለም። ካንዴላ መፍታቱን ደግሞ አሁን ነገርኳችሁ።

ልጁ በመጣ በመጀመሪያው ቀን እኔ መዶሻ ይዤ ስጠብቀው ሳቀብኝ። «ቲቸር፣ የነከሰ ሞተር እንደ ተኮራረፈ ሰው ነው፤ በጉልበት አይሆንም» አለኝ። ፑሊው ላይ ያለውን 30 ቁጥር ቡሎን በረጅም መፍቻ ቀስ ብሎ ሞከረው፤ አልሄደም፤ ወዲያው ተወው። በግድ ቢያዞረው ቢየላ ሊጣመም ይችላል። ካንዴላዎቹን በኋላ እንፈታለን፣ መጀመሪያ ሞተሩን እናውርድ አለ። ትንፋሼ ተመለሰ፤ ለአንድ ቀን።

ሞተር ማውረድ ስላችሁ ክሬን እንዳይመጣባችሁ። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ነው። የቤንዚኑን ጎማ፣ የቤንዚን መርገጫውን ገመድና ጥቂት ሽቦ ትፈታላችሁ፤ ከሥር ጣውላ ታደርጋላችሁ፤ ወደ ኋላ ሳብ፣ ወረደ። ከዚያ አምስት ጎረምሶች የመኪናዋን ቂጥ አንስተው ከሞተሩ ላይ ገለል አደረጓት። የዶሮ ጎጆ ከነእንቁላሉ አገኘን። ሁለት ነበር፤ አንዱ የተበላሸ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የጋራዥ ቋንቋ ገርሞኛል። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ቢየላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ተባረረ፤ ጋራዥ ውስጥ ግን አሁንም ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። አባቴ ለጀርመን መኪና በጣሊያንኛ ሲያዝ፣ ልጁም በጣሊያንኛ ሲመልስ፣ እኔ በመሐል እንግሊዝኛ የተማርኩት ፊዚክስ አስተማሪ አስተርጓሚ አጥቼ ቆምኩ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ልጁ ቴስታታዎቹን ሊያወጣ ተዘጋጀ። አባቴ በርጩማውን አስጠግቶ ተቀምጧል። ልጁ ለምን ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ እንደሚጀምር ያስረዳናል። በነዚህ የድሮ ሞተሮች ነፋሱ ከማራገቢያው ወደ ሲሊንደሮቹ ሲወርድ፣ በግራ ከፊት ያለው ሦስተኛው ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ተቀምጦ መንገዱን ይዘጋበታል። ለዚህ ነው ከሌሎቹ የበለጠ የሚሞቀው። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፣ ሲሊንደሩ ብረት፤ ሙቀት ሲበዛ አሉሚኒየሙ ከብረቱ አብልጦ ይለጠጥና እዚያው ይነክሳል። በሙቀት የነከሰ ሲሊንደር ሲከፈት ተጭሮ፣ አሉሚኒየም ተለቅልቆበት ነው የሚገኘው። አባቴ ይህን ሁሉ ያውቀዋል፤ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ እንደ ተከሳሽ ፍርዱ ሲነበብለት።

የግራው ቴስታታ ወጣ። ሦስተኛው ንጹሕ ነው። አንድ ጭረት የለበትም። አራተኛውም ደህና። ልጁ ግራ ገባው። ወደ ቀኝ ዞረ። የሁለተኛውን ካንዴላ ሊፈታ የሽቦውን ቆብ ሲነቅል፣ ከሥር ካንዴላ የለም። ጥቁር፣ የበሰበሰ፣ እንደ ገለባ የሚፈረፈር ነገር አለ። በካቻቢቴ ጫረው፤ መዳፉ ላይ አድርጎ አየው።

«ቲቸር፣ ይሄ ቆረቆንዳ ነው እንዴ? ማነው እዚህ ቆረቆንዳ የወተፈው?»

አባቴ ወደ እኔ አልተመለከተም። ልጁ ግን ተመለከተኝ። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «አይጥ ይሆናል» አልኩ። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አስተማሪ ነኝ፤ ፊት ለፊቴ ያስተማርኩት ልጅ ቆሟል። አይጥ! አይጥ የካንዴላ ቆብ አንስታ፣ ቆረቆንዳ በልክ ቆርጣ፣ ወትፋ፣ ቆቡን መልሳ። ልጁ አስተዳደጉ ጥሩ ነው፤ ዝም አለ።

የቀኙ ቴስታታ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አንደኛው ንጹሕ፤ ሁለተኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቡናማ ዝገት። ፋሻዎቹ ከሲሊንደሩ ጋር አንድ ሆነዋል። የሙቀት ሳይሆን የውሃ ሥራ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። አባቴ ተነሳና ወደ ቤት ገባ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። አንድ ነገር ብቻ ይመላለስብኛል። ባለፈው ዓመት ከላብራቶሪ የመዳብ ሽቦ የወሰደ ተማሪ ነበረኝ። ክፍል ፊት አቁሜ፣ «የዛሬ ሽቦ የነገ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ብዬ፣ ወላጅ እንዲያመጣ አድርጌ፣ ሦስት ቀን ከክፍል አስወጥቼዋለሁ። ይህን የምታነብ ከሆነ ልጄ፣ ቅጣቱ ሳይሆን ንግግሩ በዝቶ ነበር።

ጠዋት አባቴ ቡናውን ይዞ እንደተቀመጠ ነገርኩት። ተንበርክኬ ምናምን እንዳይመስላችሁ፤ ቆሜ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ልክ እንደ 12 ዓመት ልጅ።

«አባዬ፣ ካንዴላዋን ያወጣኋት እኔ ነኝ። በ92። ሸጥኳት።»

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፦

«ስንት?»

«ሦስት ብር።»

«አዲሱ ስምንት ብር ነበር። አታለሉህ።»

ልስቅ ስል ፊቱን አየሁና ተውኩት። እሱ አልሳቀም። ስኒውን አስቀመጠ።

«ስለዚህ ዳገቱ አይደለም?»

«አይደለም፣ አባዬ።»

«ሦስተኛው ደህና ነው?»

«ንጹሕ ነው። ትናንት አይተኸው የለ።»

«አምጣው እስቲ።»

ሲሊንደሩን አመጣሁለት። መነጽሩን አደረገ። ጣቱን ወደ ውስጥ ከትቶ ዙሪያውን ቀስ አድርጎ ዳሰሰው፤ የታመመ ሕፃን ሆድ ሲዳስስ እንደማውቀው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ወደ ማንጎው ሲያይ ቆየ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችንና ተመለሰች።

ይቅር ብሎኛል ብዬ ልጽፍ አልችልም። ሁለት ቀን አላናገረኝም። ምግብ ሲቀርብ «ለልጁ ንገሪው» እያለ በእናቴ በኩል ነበር የሚያናግረኝ። በሦስተኛው ቀን ልጁና እኔ ስንሠራ መጥቶ ከጀርባችን ቆመ፤ «የቴስታታ ዳዶ ሲጠበቅ በመስቀለኛ ነው፣ አንዱን ወገን አንዴ አትጨርሱት» አለ። ያ ብቻ። በርጩማውን ግን መልሶ አስጠጋ።

ሥራውን በተመለከተ ለምትጠይቁኝ፦ ሁለተኛው ሲሊንደር እንዲላቀቅ ናፍታና የፍሬን ዘይት ቀላቅለን ሞላንበት። በየቀኑ ጠዋትና ማታ እየጨመርን፣ በወይራ እንጨት ቀስ እያደረግን መታነው። ቴስታታው ከወጣ በኋላ ሞተሩን ስናዞረው ሲሊንደሩ ራሱ ፒስተኑን ይዞ አብሮ ይሄድ ነበር፤ አንለያይም ብለው። በ11ኛው ቀን ተለያዩ። ግን ዝገቱ ብረቱን በልቶት ስለነበር ሲሊንደሩም ፒስተኑም አይረቡም። እዚህ ላይ ነው የቮልስ ጥቅሟ፤ ሌላ መኪና ቢሆን ሞተሩ በሙሉ ቶርኖ ቤት ይሄድ ነበር፤ የእሷን ግን የተበላሸውን ብቻ ነቅሎ መተካት ነው። መንገዱ የሚከፈትበትን ጊዜ ጠብቀን ልጁ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄደና ባለ 77 ሚሊ ሜትር አሮጌ ሲሊንደር ከነፒስተኑ፣ ለአራቱም አዲስ ፋሻ ይዞ መጣ። ዋጋውን አልናገርም፤ እናቴ ፌስቡክ ትከታተላለች።

ሌላ ጣጣ ደግሞ አለ። ፒስተኖች ክብደታቸው መቀራረብ አለበት፤ ልዩነቱ ከ10 ግራም ከበለጠ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። የት እንመዝን? ወርቅ ቤት። ባለሱቁ አራት ቅባት የጠጣ ፒስተን ጠረጴዛው ላይ ስናስቀምጥበት የነበረውን ፊት ብታዩ! አዲሱ በ14 ግራም ከብዶ ተገኘ። ልጁ ከውስጥ በኩል በሞረድ እየፋቀ፣ እየተመላለስን፣ በሦስተኛው ዙር ባለሱቁ ራሱ «አሁንስ ሞልቷል» ብሎ ፈረደልን።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። ካርቡራቶሩ ታጠበ። ዘይት 2.5 ሊትር ገባ፤ ፊልትሮ እንኳ የላትም፣ ያላት ወንፊት ነው። እና ፍሪሲዮኑ! አባቴ በ1994 የገዛው፣ ካርቶኑ ሳይከፈት አልጋ ሥር የኖረው። እሱን ነው የገጠምነው። ካርቶኑን ግን አባቴ አልጣለውም።

ባለ 6 ቮልት ባትሪ ፈልገን አጣን። የድሮ ሞተርሳይክል ትንሽዬ ባትሪ ለካንዴላው እሳት ብቻ አገናኘንና በግፊያ እናስነሳት አልን። ቤንዚን ደግሞ በሃይላንድ ገዛን፤ ከየት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ፍሬን የላትም፤ የሚሠራው የእጅ ፍሬኗ ብቻ ነው። ስለዚህ ከግቢያችን በላይ ያለችው ቁልቁለት ጫፍ ላይ አወጣናት፤ ከታች አፈር ከምረን፣ ድንጋይ ያዥ ልጆች በግራና በቀኝ አቆምን። ልጁ ሊገባ በሩን ሲከፍት አባቴ ትከሻውን ነካ አደረገውና እሱ ገባ። የ78 ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ማን ይከለክለዋል?

ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ገፋን። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ዘጭ ብላ ቆመች። እንደገና። ዘጭ። በሦስተኛው ማርሚታዋ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ነጭ ጭስ፣ የዶሮ ጭድ፣ የሃያ ምናምን ዓመት አቧራ ተፋችብንና ያዘች። ያቺ የቮልስ ድምፅ! ቪዲዮው ላይ የሰማችሁት እልልታ የእናቴ ነው። የሚንቀጠቀጠው ካሜራ ደግሞ የእኔ እጅ ነው።

አባቴ አፈሩ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ብዙ ቆየ። ሁላችንም ከበን እንጠብቃለን። በመጨረሻ በመስኮቱ ጠራኝ። ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ ጎንበስ አልኩለት።

«ሁለተኛው ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመታው» አለኝ። «ነገ እየው።»

አንኮበር ገና አልወጣንም። መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ ጎማ። ባለ 6 ቮልት ባትሪና የቀኝ በር የመስታወት ማንሻ የት እንደሚገኝ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ካንዴላ ግን እንዳትልኩ። አባቴ አራት ትርፍ አስገዝቶኛል፤ ያሉትም እሱ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ተቆልፎባቸው።